ሙግት ቤት ሲገባ

ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተጋጩ እንበል። ዘመኑ የዓፄ ምኒልክ፣ ወይም ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት ዘመን ነው። አንዱ "የተዋስከኝን በሬ አንካሳ አድርገህ መለስክልኝ" ይላል፤ ሌላው "ስወስደውም ያነክስ ነበር" ይላል። ነገሩ ከረረ፤ ዱላ ሊነሳ ነው። በዚህ ጊዜ ተበደልኩ ባዩ "በሕግ አምላክ!" ካለ ሌላው እግሩን ከቆመበት ማንሳት አይችልም። በዚያ የሚያልፍ አንድ ሰው፣ ነጋዴም ይሁን ቄስ ወይም ከገበያ የሚመለስ ገበሬ፣ ተይዞ "እባክህ ዳኘን" ይባላል። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ አህያውን ከጥግ አስሮ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ተሟጋቾቹ ኩታቸውን አደግድገው በግራና በቀኝ ይቆማሉ። ሌላው መንገደኛ ከበብ ብሎ ይሰማል። ችሎት ተዘረጋ ማለት ነው።

ይህ ሰው የመንገድ ዳኛ ይባላል። ሹመት የለው፣ ደመወዝ የለው፣ ማኅተም የለው። ነገሩ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ወደ ሹሙ ይመራዋል፤ ከቻለ ግን እዚያው ያስታርቃል ወይም ይፈርዳል። ስለ ፍርድ ቤት ታሪክ ስጽፍ ከሕንፃ የማልጀምረው ለዚህ ነው። "ፍርድ ቤት" ሁለት ቃል ነው፤ ፍርዱ ጥንትም ነበረ፣ ቤቱ ግን ትናንት የመጣ ነው። ቤቱ ሲመጣ ምን ይዞ እንደመጣ፣ ምንስ ደጅ ላይ ጥሎ እንደገባ ሳስብ ዓመታት አልፈዋል።

ቤት ባልነበረበት ጊዜ ዛፍ ነበር። በሰሜኑ አገር ዋርካ፣ በኦሮሞ ምድር ኦዳ፤ የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎም የሚሰየመው ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ሲዳማ አፊኒ፣ አፋር ማዳዓ፣ ሶማሌ ሄር ይለዋል፤ በወሎ አበጋሮች ደም ያደርቃሉ። ሥርዓቱ ከአካባቢ አካባቢ በጣም ይለያያል፤ አንዱን ከሌላው ጋር መደባለቅም ተገቢ አይደለም። በሁሉም ዘንድ ግን ሙግት በአደባባይ፣ በድምፅ፣ ሰው እየሰማ ይካሄድ ነበር።

በአማርኛ ተናጋሪው አገር ሙግት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። በላ ልበልሃ የሚባለው የክርክር ስልት ዜማ አለው፣ ምት አለው፣ የእግር እርምጃ አለው። ተሟጋቹ ከዘራውን ይዞ ወደ ፊት ይራመዳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ነገሩን በምሳሌ ከፍቶ በጥያቄ ይዘጋዋል። "ተጠየቅ!" ሲባል መልስ መስጠት ግዴታ ነው፤ ዝም ያለ ተረታ። ውርርድም ነበረበት፤ አንዱ "ይህን ባላስረዳ በማር" ይላል፣ ሌላው "ብታስረዳ እኔ በበቅሎ" ብሎ ከፍ ያደርጋል፤ የተረታው ይከፍላል። ልጆች ከብት ሲጠብቁ ሙግት ይጫወቱ ነበር፤ ዳኛ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው። በጎጃምና በጎንደር ደግሞ ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስ አንድ ሰው የስንት አያት ቅድመ አያት ሐረግ በቃሉ ቆጥሮ ካልተከራከረ መሬቱን ያጣል። አንደበት እንጀራ ነበር። አንደበተ ርቱዕ ያልሆነውም ነገረ ፈጅ ይወክላል።

ቋንቋችን እስከ ዛሬ ድረስ የዚያ ዘመን ችሎት መዝገብ ነው። "በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ" ስንል ሰውን ከዓይናችን ሳንለይ መከታተል ማለታችን ነው። ቁራኛ ግን እውነተኛ ሰንሰለት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም ባለ ዕዳና አበዳሪ፣ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ እጅ ለእጅ ተቆራኝተው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። እስር ቤት እንደ ልብ በሌለበት አገር ከሳሹ ራሱ የተከሳሹ ወህኒ ሆነ። "አቤቱታ" የምንለው ወረቀት ደግሞ መጀመሪያ ጩኸት ነበር፤ የተበደለ ሰው ከቤተ መንግሥት ደጅ ወይም ንጉሡ ከሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆሞ "አቤት! አቤት!" ሲል የሚያሰማው ድምፅ። "ይግባኝ" ማለትም ነገሬ ወደ ላይ፣ ወደ ውስጥ ይግባልኝ ነው። ዛሬ ለክስ መክፈቻ የምንከፍለው "የዳኝነት ገንዘብ" ስሙን የወረሰው ለዳኛው ከሚሰጠው ከጥንቱ ዳኝነት ነው። ዳኛው ራሱ "ወንበር" ይባል ነበር፤ የቀኝ ወንበርና የግራ ወንበር። ከወንበሮቹ በላይ አፈ ንጉሥ አለ፣ ከአፈ ንጉሥ በላይ ዙፋን ችሎት። ከጭቃ ሹም ጀምሮ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ድረስ መሰላሉ ረጅም ቢሆንም ለማንም ክፍት ነበር፤ ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ። "የተጠማ ከፈሳሽ፣ የተበደለ ከነጋሽ" የሚለው አነጋገር ባዶ ምኞት አልነበረም። ገበሬ ስንቁን ቋጥሮ ከአገሩ ተነስቶ ሳምንታት ተጉዞ ከዙፋን ችሎት ፊት ይቆም ነበር።

ያን ዘመን ናፋቂ ሆኜ መታየት አልፈልግም። ዳኛው ያው ገዥ ነበር፤ ግብር የሚያስገብረው፣ ጦር የሚያዘምተው፣ የሚያስረውም እርሱ ነው። ኑሮው ከመቀጮና ከዳኝነት ስለነበረ ሙግት በበዛ ቁጥር ይጠቀማል። በደቡብ ገባሩ በመልከኛው ላይ የሚከሰው እዚያው መልከኛው ፊት ነበር። ሌባ ለማግኘት አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ከገባበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ይባል ነበር፤ ሌባ ሻይ ይሉታል። አውጫጪኝ ሲጣል ደግሞ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሥራውን ፈትቶ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ይውል ነበር። ብዙ ንጹሕ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ሆኖም "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ያለው ሕዝብ የዚያው ዘመን ሕዝብ ነው። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ደግሞ የመንገድ ስንቅ። በሥርዓት ተሰምቶ ትልቁን ማጣት ሳይሰሙት ትንሹን ከመቀማት ይሻላል ብሎ የሚያምን ሰው ፍርድን ከውጤቱ ይልቅ በመደመጡ ይመዝን ነበር ማለት ነው። ይህን ቃል ለዚህ ጽሑፍ ሚዛን አድርጌ ይዤዋለሁ።

ቤቱ እንዴት መጣ? ቀድሞ የመጣው ጸሐፊው ነው። ዓፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር የሆኑት አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አገሩ ለዳኝነት በ6 ክፍል ተከፍሎ ለየክፍሉ ሁለት ሁለት ወንበርና ጸሐፊ ተመደበ። 12 ዳኞች ለዚያ ሁሉ አገር ጥቂት ናቸው። ጸሐፊው ግን ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ቀደም ፍርድ የሚኖረው በሰሚው ትዝታ ውስጥ ነበር፤ ነገሩ ከ20 ዓመት በኋላ ቢነሳ የሚጠየቁት በዕለቱ የነበሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ጸሐፊ ካለ መዝገብ አለ፤ መዝገብ ካለ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ሣጥኑ ደግሞ ዝናብ የማይገባበት ጣሪያ ይፈልጋል። እኔ እንደሚመስለኝ ፍርድን ወደ ቤት ያስገባው ከዳኛው ይልቅ ወረቀቱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከውጭ መጣ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሳ ክርክር ቆንስል ባለበት እንዲታይ አስገደደ። ባለሱቁ ግሪክ ወይም አርመን ከሆነ ከሳሹ አበሻ በዋርካ ሥር ሊዳኝ አይችልም። ስለዚህ በ1914 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ ደራሲው ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በሊቀ መንበርነት ሠሩበት። በአንድ በኩል የሉዓላዊነት ቁስል ነበር፤ ባዕድ በአገራችን ፍርድ ውስጥ ቃል ያለው መሆኑ። በሌላ በኩል ግን መደበኛ ሰዓት፣ በጽሑፍ የሚቀርብ ክስና የተመዘገበ ውሳኔ ያለው ችሎት ምን እንደሚመስል አዲስ አበቤው ያየው እዚያ ነው። ከዚያ በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታተመ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ገባ። የአምስቱ ዓመት የፋሺስት ችሎት ስለ ፍርድ የሚነግረን ጥቂት፣ ስለ ፍርሃት የሚነግረን ብዙ ስለሆነ እዚያ ላይ አልቆይም።

ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ከተመለሱ በኋላ ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ አዋጆች አንዱ፣ አዋጅ ቁጥር 2፣ ስለ ፍርድ አስተዳደር የወጣው ነው። የታወጀ ነገር በነጋሪት ጎሳሚ ይነገር የነበረበት አገር ሕጉን በስሙ "ነጋሪት" ብሎ በወረቀት ማተሙ ደስ የሚል ቅብብሎሽ ነው። ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው ስምምነት ምክንያት በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንግሊዛውያን ዳኞች ተቀመጡ። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ አጥቢያ ዳኛ ተቋቋመ፤ ከአካባቢው የሚመረጥ የታወቀ ሰው፣ መጀመሪያ ሥራው ማስታረቅ፣ ማስታረቅ ካልቻለ እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር መፍረድ። የመንገድ ዳኛውን በሕግ ውስጥ ቦታ ለመስጠት የተደረገ ሙከራ አድርጌ አየዋለሁ። በ1955 ዓ.ም. ደረጃው ጠርቶ ወጣ፤ ወረዳ፣ አውራጃ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት።

የአውራጃ ፍርድ ቤት! በዚያ ዘመን ያደገ የገጠር ከተማ ልጅ ይህን ስም ሲሰማ አንድ ዓይነት ሕንፃ ፊቱ ይመጣል። ጭቃና እንጨት፣ በኖራ የተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊቱ በረንዳ፣ ባንዲራ የሚሰቀልበት እንጨት፣ ዙሪያው ባሕር ዛፍ። አጠገቡ ፖሊስ ጣቢያው፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ወህኒው። ብዙ ከተሞቻችን እንደ ከተማ የቆሙት ገበያና ፍርድ ቤት ተደግፈው ነው። ቀጠሮ ያለው ገበሬ ሌሊት ተነስቶ ይመጣል፤ ምስክሮቹን ይዞ ስለሚመጣ ማብላት አለበት፣ ካልደረሰለትም ማሳደር አለበት። እነዚህን ሰዎች የሚያበሉና የሚያሳድሩ ጠላ ቤቶች፣ ሻይ ቤቶችና አልጋ ቤቶች ተከፈቱ። ከበረንዳው ማዶ ጃንጥላ ዘርግቶ ወንበርና ጠረጴዛ ያወጣው ራፖር ጸሐፊ ተቀመጠ፤ መጀመሪያ በብዕር፣ በኋላ በጽሕፈት መኪና። ቀጥሎ ቴምብር ሻጩ መጣ፣ ፎቶ አንሺው መጣ፣ ኋላ ፎቶ ኮፒው መጣ። ልጅ ሆኜ በዚህ ግቢ አልፍ ነበር። አንድ ዘመዳችን የመሬት ነገር ነበረባቸው፤ ወረቀታቸውን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው፣ ቁራጩን በአገልግል ውስጥ አድርገው፣ አገልግሉን በክንዳቸው አንጠልጥለው ይመጡ ነበር። ማንበብ አይችሉም። የትኛው ወረቀት የትኛው እንደሆነ ግን ከመጨማደዱና ከማኅተሙ ቀለም ለይተው ያውቁታል። መዝገባቸው ከአንድ ጊዜ በላይ ጠፍቶባቸዋል፤ በየጊዜው ከአገልግሉ ሌላ ግልባጭ ያወጣሉ። ቤቱ ወረቀቱን ለመጠበቅ ተሠርቶ ወረቀቱን የጠበቁት እርሳቸው ነበሩ።

ሕጉ ደግሞ እየከበደ መጣ። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጡ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ 3367 አንቀጽ አለው፤ በውስጡ የተሸፈነውን ጉዳይ በሚመለከት የልማድ ሕግን በሙሉ ይሽራል። በአንድ ብዕር የየጆካውም፣ የኦዳውም፣ የዋርካውም ሕግ ተሻረ። የሕግ ፋኩልቲው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ግን በ1956 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ከተማሪው ቀደመ። በወረዳው ወንበር ላይ የተቀመጠው ዳኛ፣ ብዙ ጊዜ አገር ያወቀውና ያስታረቀ ሽማግሌ፣ ያን ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በለመደው መንገድ ይፈርድ ነበር። ምን ያድርግ? ክፉም አልነበረም። ተከራካሪውም የሚያውቀው ያንኑ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግድግዳ የቋንቋው ነበር። የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ ብቻ ስለነበረ የሲዳማው፣ የወላይታው፣ የኦሮሞው ገበሬ በራሱ መሬት ጉዳይ በራሱ አፍ መናገር አልቻለም። አስተርጓሚ ያቆማል። የተናገረው አንድ ነገር፣ የተጻፈለት ሌላ ነገር፣ የተፈረደበት ሦስተኛ ነገር የሚሆንበት ጊዜ ነበር። እኔ የምጽፍበት ቋንቋ ነው፤ እወደዋለሁ፤ ለዚህም ነው ይህን ሳልናገር ማለፍ የማልችለው። በላ ልበልሃ ላይ ያን ያህል የረቀቀ አንደበት ያወጣ ቋንቋ ለሌላው አንደበት መቆለፊያ ሆኗል። ዛሬ ክልሎች በየራሳቸው የሥራ ቋንቋ መዳኘታቸው በዚህ ታሪክ ውስጥ ካየኋቸው እርምጃዎች ሁሉ ትልቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዙፋን ችሎት አልተዘጋም። በጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት የተረታ ሰው አሁንም ወደ ጃንሆይ አቤት ማለት ይችል ነበር። የሕግ ሰዎች ይህን ይነቅፉታል፤ ያለቀ ነገር በአንድ ሰው ፈቃድ እንደገና መከፈቱ ሥርዓትን ያፈርሳል ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ሕዝቡ ግን ያን በር ይወደው ነበር። ወረቀቱ አልሰማ ሲለው የሚሰማ ሰው ይፈልጋል።

በሩ የተዘጋው በ1967 ዓ.ም. ነው፤ የተዘጋበት መንገድም አሰቃቂ ነበር። ኅዳር 14 ቀን ንጉሡን ያወረደው ደርግ 60 የሚሆኑ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከሟቾቹ መካከል አፈ ንጉሥ እሸቴ ገዳ ይገኙበታል። የንጉሡ አፍ የሚባለውን የዳኝነት ማዕረግ የተሸከመ ሰው አንድም ቃል ሳይጠየቅ ተገደለ። ጭብጦዋም በቅሎዋም ያለ ፍርድ ሄዱ።

ደርግ ግን ፍርድን ወደ ሰፈር ያወረደም ነው፤ ይህንንም መመስከር ግድ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ሲወጡ የገበሬ ማኅበሩና ቀበሌው የራሳቸው ፍርድ ሸንጎ እንዲኖራቸው ተደረገ። ጎረቤት የመረጠው ጎረቤት የግቢ ወሰን፣ የቤት ኪራይ፣ ስድብና ድብድብ ይፈርዳል። ተከራካሪው ጠበቃ አያስፈልገውም፣ መንገድ አይሄድም፣ የሚሰማውም የሰፈሩ ሰው ነው። ዋርካው ቆርቆሮ ለበሰ ብል አላጋነንኩም። ነገር ግን ያው ቀበሌ ጠመንጃም፣ የእስር ክፍልም ነበረው፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ልጁን መጨረሻ ያየው በዚያው ግቢ ነው። ፍርድና ሥልጣን በአንድ ጣሪያ ሲያድሩ ምን እንደሚሆን ከመልከኛው ዘመን ያወቅነውን ደግመን አወቅን።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የዚያ ዘመን ባለሥልጣናት ራሳቸው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና አንዳንዶቹ በሌሉበት፣ የቀሩት በአካል። የጥፋተኝነት ውሳኔው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ተሰጠ። ከ12 ዓመት በኋላ ማለት ነው። መዘግየቱ ብዙ ሰው አሳዝኗል፤ ተከሳሾችም በእስር አርጅተዋል፣ አንዳንዶቹ ፍርዱን ሳይሰሙ ሞተዋል። ነገር ግን እናቶች ቆመው፣ የልጃቸውን ስም ጠርተው፣ ማን እንደወሰደውና መቼ እንደወሰደው ተናገሩ፤ ጸሐፊውም ጻፈ። ኅዳር 14 ያላደረገውን ይህ ችሎት ለገዳዮቹ አደረገላቸው፤ ጠየቃቸው፣ ሰማቸው።

ቤቱ ዛፉ ሊሰጥ ያልቻለውን ነገር የሰጠበት አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ገደለች። በልማዱ መንገድ ቢሆን ጠለፋ በሽምግልና ያልቃል፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ልጅቱ ሚስት ትሆናለች። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጠላፊው ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ጉዳዩን የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያዘው፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። "ድፍረት" የተባለው ፊልም መነሻ ይህ ታሪክ ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ያን የማግባት መሸሸጊያ አስወገደ። የማኅበሩ መሥራች የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት። ስለ ሽማግሌ ፍርድ በናፍቆት ለሚነግረኝ ሰው ሁሉ ይህችን ልጅ አስታውሰዋለሁ። በዋርካው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ ወንዶች ነበሩ።

ይህ ማለት ግን ሽምግልናው ሞተ ማለት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘት ይችላሉ ይላል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በዚሁ መሠረት ይሠራሉ። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቋመ፤ በ1952 በአንድ አንቀጽ የተሻረው ነገር ከ60 ዓመት በኋላ በር አንኳክቶ ገባ። በደም ጉዳይ ደግሞ ዳኛ ፈርዶ፣ ቅጣቱ ተፈጽሞ፣ ሰውየው ከወህኒ ከወጣ በኋላ እንኳን ሽማግሌ ካላስታረቀ ነገሩ አላለቀም። መንግሥት ይቅጣ እንጂ ደም የሚያደርቀው ሰው ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች አንዱ የሌላውን ጉድለት ያውቃሉ ባይ ነኝ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ አለመነጋገራቸው ነው።

ዛሬ ልደታ ግቢ የገባ ሰው ምን ያያል? ሕዝብ ያያል። በደረጃው፣ በኮሪደሩ፣ በግድግዳው ጥግ የተለጠፈ የቀጠሮ ዝርዝር ላይ ስሙን በጣቱ የሚፈልግ ሕዝብ። በአራዳ፣ በቂርቆስ፣ በየካ ምድብ ችሎቶችም እንዲሁ። ብዙ መልካም ነገር መጥቷል። የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ሆኖ ከ20 በላይ ቅጽ ታትሟል፤ ጅማ ላይ አንድ፣ ጎንደር ላይ ሌላ ፍርድ እንዳይሰጥ የሚያደርግ ነገር ነው። በፕላዝማ ችሎት ከሩቅ ክልል ያለ ተከራካሪ አዲስ አበባ ሳይመጣ ይሰማል፤ ሳምንታት በእግር ለተጓዙት ለእነዚያ ገበሬዎች ቢነገራቸው ምን ይሉ ነበር እላለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የችሎት አዳራሽ ስለማይበቃ ብዙ ክርክር የሚሰማው በዳኛው ጠባብ ቢሮ ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊዋ፣ ሁለቱ ተከራካሪዎችና ጠበቆቻቸው ከገቡ ለአንድ ተጨማሪ ወንበር ቦታ የለም። ሕጉ ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል፤ ሕዝቡ ግን ኮሪደር ላይ ቆሟል። አንዳንዱ ምድብ ችሎት በኪራይ ሕንፃ ላይ ስለሆነ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ፍርድ ነው። ክርክሩም በአብዛኛው በጽሑፍ ስለሆነ ሰው ዳኛው ፊት ቀርቦ የሚናገረው ጥቂት ቃል ነው፤ "አቤቱታችሁን አይተናል፣ ለመጋቢት 12 ተቀጥሯል" ይባልና ይወጣል። ያ በላ ልበልሃ ብሎ ሜዳውን ያናወጠ ሕዝብ፣ ዛሬ ደረጃውን የሚወርደው ሳይናገር ነው። አዲስ ፍርድ ቤት የሚሠራ መሐንዲስ ቢያማክረኝ የምለምነው ብዙ አይደለም፤ ሰፊ አዳራሽ፣ ከኋላ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ ለማንም የሚከፈት በር፣ በግቢው ደግሞ ጥላ ያለው ዛፍ።

በቅርቡ አንዲት አሮጊት በፍርድ ቤት ደጅ፣ ራፖር ጸሐፊው አጠገብ በዱካ ተቀምጠው አየሁ። ልጁ ወጣት ነው፤ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል። ሲጨርስ፣

"በሉ እማማ፣ እዚህ ጋ ጣትዎን ያድርጉ" አላቸው።

"ቆይ እስቲ፤ አንብብልኝ መጀመሪያ።"

አነበበላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ከዘራውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

"ይኸ እኔ ያልኩት አይደለም፣ ልጄ። 'አጥሩን አፈረሰ' አላልኩህም። 'እያየሁት አፈረሰ' ነው ያልኩህ።"

"ያው ነው፣ እማማ።"

"ያው አይደለም።"

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ ቃሉን አስገባ፣ ከመጀመሪያውም ጀምሮ እንደገና አነበበላቸው። አሁን ራሳቸውን ነቀነቁ። አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ዘረጉ።